የጥጦስ ሁለተኛ ዓይን

በአንድ ወቅት፣ ሠዓሊዎች ቀለማቸውን ከሱቅ መግዛት ቢጀምሩም ብሩሻቸውን ገና በገዛ እጃቸው በሚያስሩበት ዘመን፣ ጎጃም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ አለቃ ይስማ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ታላቁ ሰውአገኝ፣ ተከታዩ ልየው፣ የመጨረሻዋ ሴት ልጅ። ሁለቱ ወንዶች ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው ሥዕል ይማሩ ነበር። ሴቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀለም ትበጠብጣለች፣ ብሩሽ ታጥባለች። ሠዓሊ ትሆናለች ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እሷም ብትሆን።

አለቃ ይስማ ለአንድ ደብር የስቅለት ሥዕል ሊሠሩ ቃል ገብተው ሳለ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ሥዕሉ አቡጀዲ ላይ ተሠርቶ ለስቅለት ዕለት ከግድግዳው ላይ መለጠፍ ነበረበት። የቀረው ጊዜ አንድ ወር ነው። አለቃ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣

«ከእንግዲህ የእናንተ ነው» አሉ። «እኔ ጀማሪ ሳለሁ የሚነግረኝ አጥቼ ሃያ ዓመት የተንገላታሁባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ እሰጣችኋለሁ።»

ሰውአገኝ ከሰል ሲቀርጽና አቡጀዲ ሲወጥር ቀኑ የሚመሽበት ልጅ ነበር። ለእሱ እንዲህ አሉት፤ «አንተ እጄ ሲበስል እጀምራለሁ ትላለህ። ቁጭ ብለህ አይበስልም። ሳትችል ጀምር።»

ልየው እጁ ፈጣን ነው፤ የሠራውንም ቶሎ ይወዳል። ለእሱ፣ «ያማረ ነገር ቦታው ካልሆነ ፋቀው» አሉት። «ደግመህ መሥራት ካቃተህ መጀመሪያም የሠራኸው አንተ አልነበርክም።»

ለሴት ልጃቸው ደግሞ፣ «አንቺ አትሥዪም፤ ግን ታያለሽ» አሏት። «እኔ ሥዕል ያበላሸሁት ባለማወቅ አይደለም። አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር እያልኩ ነው። እጅ ከሥዕል ላይ የሚነሣበትን ሰዓት እወቂ።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል አባዬ?»

«እኔ እንጃ። ብቻ ያዥው።»

ከመቀጠሌ በፊት አንድ የሠዓሊዎች ደንብ ልንገራችሁ። ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዓይን ይሣላል። ኃጢአተኛ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ብቻ። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ዓይን ቆጥሮ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ስቅለት ላይ ደግሞ ከጌታ ግራና ቀኝ ሁለት ወንበዴዎች አሉ። የግራው ዳክርስ ተሳድቦ ሞተ። የቀኙ ጥጦስ በመጨረሻዋ ሰዓት ምሕረት ለምኖ ገነት ገባ።

ሰውአገኝ በማግስቱ ጠዋት ከሰሉን አነሣ። እስከዚያ ቀን ብቻውን ከአንድ ፊት በላይ ነድፎ አያውቅም። የመጀመሪያው መስመር ጠመመበት፤ አላቆመም። ምሳ አልበላም። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት መስቀሎቹ፣ እመቤታችን፣ ዮሐንስ፣ ጭፍሮቹ፣ ሁሉም በየቦታቸው ቆመው ነበር። ልየው ገብቶ ሲያይ፣ «ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት የት ደብቀኸው ነበር?» አለው። ሰውአገኝ ሳቀና የከሰል እጁን በወንድሙ ሸሚዝ ጠረገ። እንዲህ ሆኖ ሥዕሉ ተጀመረ። እሱ ያን ዕለት ባይነሣ ኖሮ ሦስቱም እጃቸውን አጣጥፈው ስቅለት ይደርስባቸው ነበር። ነገር ግን በጥድፊያው አንድ ስሕተት ሠራ፤ ሁለቱንም ወንበዴዎች በጎናቸው፣ በአንድ አንድ ዓይን ነደፋቸው።

ልየው ቀለሙን ያዘ። ታላቁ ልብሱንና ሰማዩን ሲሞላ እሱ ፊቶቹን ሠራ። የጥጦስ ፊት ስድስት ቀን ፈጀበት። የተሰነጠቀ ከንፈሩ፣ ጉንጩ ላይ ያለው አቧራ፣ ሁሉ ነገሩ ሕይወት ነበረው። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አደነቀ። በሰባተኛው ቀን ልየው ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያይ ቆየና ጭንቅላቱን ያዘ። ቢላዋ አነሣ፣ ጨርቅ በውኃ ነከረ፣ ያንን ፊት መፋቅ ጀመረ።

ሰውአገኝ እየሮጠ መጣ። «አብደሃል እንዴ! ስቅለት እኮ ዘጠኝ ቀን ቀረው!»

«ሰውዬው ገነት ገብቷል ጋሼ። በአንድ ዓይን ያስቀረነው እኛ ነን።»

«ማን ያውቃል? ማን ይቆጥራል?»

«አሮጊቶቹ ይቆጥራሉ። እኔም ቆጥሬያለሁ።»

ፍቆ ጨረሰ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ፊቱን እንደገና፣ አሁን ወደ ሰው አዙሮ መሥራት ያዘ። እሱ ባይፍቀው ኖሮ አንድ ጻድቅ ከርኩሳን ጋር ተቆጥሮ ዘላለም ግድግዳ ላይ ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ ሦስተኛዋ ትመጣለች። እስካሁን «ሴቷ ልጅ» እያልኩ የመጣሁት አፍሬ ነው። እኔ ነኝ። የኔዓለም ይስማ እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ዛሬም ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ይህን ነገር ሠላሳ አንድ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ግን እስከ መጨረሻው እናገራለሁ።

ስቅለት አራት ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ልየው ለሁለተኛው ዓይን ጥቁር ቀለም እንድበጠብጥለት አዞኝ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ቀለሙን ይዤ ስገባ ሥዕሉን አየሁትና ባለሁበት ቀረሁ። የጥጦስ አንድ ዓይን አልቋል። የሁለተኛው ቅንድቡና ከሥሩ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ነበሩ። ከአዲሱ ጉንጭ ሥር የተፋቀው የድሮ ፊት ጥላ በጎን በኩል ይታያል። ሰውየው በጎኑም አልነበረም፣ ፊት ለፊትም አልነበረም። እየዞረ ነበር። ከወንበዴነቱ ወደ ጌታው በመዞር ላይ፣ ያቺኑ ቅጽበት።

ማንም ይህን አላሰበውም። ሰውአገኝ ተሳስቶ፣ ልየው አርሞ፣ በሁለቱ መካከል በራሱ የመጣ ነው። ያቺ ዓይን ስትጨመር ግን እንደማንኛውም ጻድቅ ፊት ይሆናል። ይህን ለልየው ባስረዳው እንደሚስቅብኝ አውቅ ነበር። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ብሩሽ አጣቢ! ሁለት ዓይን ለመሥራት ሲል የሚወደውን ፊት የፋቀ ሰው በእኔ ቃል አያቆምም።

ጥቁሩን ቀለም ደጅ ወጥቼ ደፋሁት። ልየው እጁን እያራገፈ መጣ።

«ቀለሙስ?»

«አባዬ እጅ ይነሣ ብለዋል።»

«ምን?»

«በቃው፣ እንዳይነካው ብለዋል።»

«ሳያዩት?»

«የነገሩኝን ነው የነገርኩህ።»

 ከዚያ ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ቀስ ብሎ፣ የሰው ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው። ዞሮ ወጣ።

እኔ ወደ አባቴ ገባሁ። «ልየው የጥጦስን ዓይን ሠራው?» አሉኝ።

«ሠርቷል አባዬ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

በአንድ ቀን ሁለት ውሸት። በማግስቱ አቡጀዲው ተለጠፈ። በስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሲሰግድ ውሎ ቀና ሲል አንዲት ሴት ጮክ ብላ፣ «እናንተ፣ እየዞረ እኮ ነው!» አለች። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሀገር ሰው ይመጣል። ልባቸው የከበደ ሰዎች ከጥጦስ ሥር ቆመው ሲያለቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልየው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ብሩሽ አልነካም። አባቱ ፊቱን መፋቁን ሰምተው የቀጡት መሰለው። ሊጠይቃቸውም ኩራቱ አልፈቀደለትም። የልብስ ስፌት መኪና ገዝቶ ልብስ ሰፊ ሆነ። አባቴ በዚያው ክረምት ዐረፉ። ሰውአገኝ ስምንት አብያተ ክርስቲያናት ሣለ፤ ዛሬ ስሙ የታወቀ ነው።

በዚያ ደብር ልማድ ከአንድ ሥዕል ግርጌ የአንድ ሰው ስም ብቻ ይጻፋል። አባቴ «ያላየሁት ሥዕል ላይ ስሜን አትጻፉ» ብለው ስለነበር ቦታው ባዶውን ቆየ። ዘንድሮ ግድግዳው ታድሶ ሥዕሉ ሲጸዳ የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ሐረገወይን ለባዶው ቦታ ስም ሊወስኑ ሁለቱን ወንድሞቼን ጠሩ። ባለፈው እሑድ ነው፤ እኔም አብሬ ሄጃለሁ።

ሰውአገኝ፣ «ባዶ አቡጀዲ ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ በእኔ መስመር ላይ ነው የሄደው።»

ልየው፣ «ሰው የሚያለቅሰው መስመር አይቶ አይደለም፣ ፊት አይቶ ነው» አለ። «ያን ፊት ሁለት ጊዜ የሠራሁት እኔ ነኝ። ባልከለከል ደግሞ እጨርሰው ነበር።»

ይህችን የመጨረሻዋን ሲላት ድምፁ ተሰበረ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። አባ ሐረገወይን ፊት፣ ቆሜ፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

ሰውአገኝ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ከዚያ፣ «ብሩሽ ያልያዘች ሰው ስም ከሥዕል ሥር? ምን ሠራች ሊባል ነው? ቀለም ደፋች?» አለ።

ልየው ወደ እኔ ዞረ። «አባዬ ምንም አላሉም?» አለኝ።

«ምንም።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ልብስ ልታሰፊ ስትመጪ ፊቴን እያየሽ…» አልጨረሰውም። ቆይቶ ደግሞ፣ «ያኔ ዓይኑን ብሠራው ይበላሽ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ተክኜበታለሁ። «ይበላሽ ነበር» አልኩት።

«እንግዲያው ስምሽን አስጽፊ» አለ። «ይቅርታ ግን እንዳትጠይቂኝ።» ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

አባ ሐረገወይን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው በማግስቱ ነገሩኝ። «አንቺ አስተማሪ ነሽ» አሉኝ፤ «ጠይቂልኝ። ዳኛ የሚሆን ሰው ፈልጊልኝ። በመጪው እሑድ መጻፍ አለብኝ።» እኔ ለራሴ መፍረድ አልችልም። ለሰውአገኝ ልፍረድ ብል ልየውን ሁለተኛ መግደል ይመስለኛል። ለልየው ልፍረድ ብል ያ የሚያስለቅሰው ፊት እሱ ሊያጠፋው ቀለም ያዘዘበት ነው። ለእኔ ብል ደግሞ አንድም መስመር አላሰመርኩም፤ የሰረዝኩት ነገር ቢኖር የወንድሜን ዕድሜ ነው። ስለዚህ ለእናንተ አመጣሁት፤ ተከራከሩበት።

አንዱ ሳይችል ጀመረ። አንዱ የወደደውን ፋቀ። አንዷ ዋሽታ እጅ አስነሣች። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ዛሬ ሰው የሚቆምበት ሥዕል የለም። ቦታው ግን ለአንድ ስም ብቻ ነው። የማን ስም ይጻፍ?