የሽብሩ ግራ ጫማ

«በቀኝ ነው ያልኩሽ።»

«በቀኝማ ስንገባ ነው። ስንወጣ እኮ ቀኝ ግራ ይሆናል።»

«ቀኝ እንዴት ነው ግራ የሚሆነው?»

«ዞር በልማ። ፊትህን ወደዚያ አድርግ። አሁን ቀኝህ የት ነው?»

«ቀኜማ እዚሁ እኔ ላይ ነው። የት ይሄዳል?»

ይኸውላችሁ ወገኖቼ፣ እንዲህ የሚከራከሩት ባልና ሚስት ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ኖረዋል። አሁን የቆሙት ፕራግ የምትባል የአውሮፓ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ተራራ የሚያህል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። ጀርባው ይሁን ጎኑ እነሱም አያውቁትም። ሁለቱም በካልሲ ናቸው። የሰውዬው ካልሲ ጫፉ ላይ ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሎ አገር ያያል።

ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። ሽብሩና የውብዳር እንበላቸው። ማናቸው ብላችሁ ጎን ለጎን አትተያዩ፣ ወደ እኔ እዩ።

መምህሩ ስለዘገዩ ነው «እስኪመጡ ጉባኤውን አሥር ደቂቃ ያዝልን» የተባልኩት። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልሄድኩም፣ ግዕዝ አትጠብቁብኝ። የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ጀርመን አገር፣ ድሬስደን የሚባል ከተማ ነው ሥራዋ። «ኑና እዩኝ» አለች፣ ሄዱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በመስኮት መንገድ ሲያዩ ከረሙ። ልጅቷ አሳዘኗት። «ከድንበር ማዶ ያለችውን ታሪካዊ ከተማ፣ ፕራግን፣ አይታችሁ ኑ» ብላ በጣም ርካሹን አውቶቡስ ፈልጋ ትኬት ቆረጠችላቸው። ጠዋት ይወስዳል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመልሳል። እሷ ሥራ ስላላት አትሄድም።

«አባዬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ማለት አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እዚህ አገር ረዳት የለም። ወርዶ ‹ሰው አለ፣ ቆይ› የሚልላችሁ የለም። ስልካችሁም እዚያ አይሠራም። ደግሞ ሌባ አለ፣ ቦርሳ በምላጭ ይቀዳሉ።»

ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ቋጠረችላቸው። ሄዱ።

እንግዲህ ድሃ አገር ሲጎበኝ ታውቃላችሁ፣ በነጻ የሚታየውን ብቻ ነው የሚያየው። ድልድዩን አዩ፣ ነጻ ነው። አደባባዩ ላይ ያለውን ትልቅ ሰዓት አዩ፣ እሱም ነጻ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሐዋርያት ከላይ በመስኮት ብቅ እያሉ ያልፋሉ። ሽብሩ አንገቱን ደፍቶ ተሳለማቸው። ከዚያ ሰዓቱ አሥራ ሁለት ጊዜ ደወለ። በጠራራ ፀሐይ።

«መሽቷል ነው የሚለው ወይስ ነግቷል?» አለች የውብዳር።

«ለሐዋርያቱ ንገሪያቸው፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። ገና ከጠዋቱ ግራ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ደግሞ ሽብሩ ያነክሳል። ግራ እግሩን ይዞት ነው የዋለው። «ለኮብልስቶን ነው እንዴ ይህን ያህል የተጓዝነው? ሰፈራችን ሞልቶ» ይላል። እኔ ኮብልስቶን ጠርቤ ነው የኖርኩት፣ እዚህ ጋ አልስቅም። የውብዳር ግን የእግሩን ነገር ባነሳ ቁጥር ወሬ ትቀይራለች። ይህችን ያዙልኝ።

ከዚያ ኮረብታው ላይ ወጡና ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በር ደረሱ። ሽብሩ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰዎቹ እኮ በጫማ ነው የሚገቡት» አለችው።

«ይግቡ። እኔ ከእነሱ ጋር ነው እንዴ የምቆመው ከፈጣሪ ፊት?»

«ቢሰረቅስ?»

«በቤተ ክርስቲያን በር?»

«አምና ፋሲካ ጫማህ ተሰርቆ በባዶ እግርህ የመጣኸው ታዲያ ከየት ነበር? ከገበያ?»

አወለቀ። እሷም ልቧ እያመነታ አወለቀች። አምዱ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጡ፣ የበሩን ጉበን ተሳለሙና ገቡ። ጥበቃው ጫማውን ያያል፣ እነሱን ያያል፣ እንደገና ጫማውን ያያል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

ሲገቡ ደግሞ ምን አደረጉ? ማንም ሳያዛቸው እሱ በግራ፣ በወንዶች በኩል ሄደ። እሷ በቀኝ፣ በሴቶች በኩል። እዚያ እኮ የወንድ የሴት የሚባል የለም፣ ሁሉም ስልኩን ይዞ ጣራ ጣራውን ነው የሚያየው። እነሱ ግን እንደ እናንተ፣ ግራና ቀኝ ተለያይተው ቆሙ። ቆሙ፣ ጸለዩ፣ ሰገዱ። ከኋላ የሚመጣው ሕዝብ ግን እንደ ጎርፍ ነው፣ እየገፋ እየገፋ ሄደና ሁለቱንም በሌላ በር አወጣቸው። በዚያኛው ይገባል፣ በዚህኛው ይወጣል፣ ሕጉ እንዲህ ነው። ወደ ውስጥ ሊመለሱ ሲሉ በሩ ላይ ያለችው ሴት እጇን ዘረጋች። ቋንቋዋን አያውቁም፣ እጇን ግን ገባቸው። እንቢ ማለት በሁሉም አገር አንድ ነው።

አሁን መጀመሪያ ወደነገርኳችሁ ክርክር ደረስን። እሱ ከወንዶች በኩል ሆኖ ያየውን በር ይናገራል። እሷ ከሴቶች በኩል ሆና ያየችውን። አንዱ ቀኝ ይላል፣ አንዷ ግራ ትላለች። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ግንብ ይገጥማቸዋል። ይመለሳሉ፣ ሌላ ግንብ። ሁሉም ግንብ አንድ ዓይነት ነው፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ሹል ነገር፣ አፉን የከፈተ የድንጋይ አውሬ። አንዷ ቱሪስት ሕንጻውን ፎቶ ማንሳት ትታ የሽብሩን አውራ ጣት አነሳች።

አሥር ሰዓት ሆነ። ሽብሩ ቆመ።

«በቃ፣ ጫማው ይቅር። አሮጌ ነው። በካልሲ እንሄዳለን።»

የውብዳር አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች። ይህ ነገሯ ደግሞ ጥሩ አይደለም፣ ሽብሩ ያውቀዋል።

«አይቀርም» አለች።

«ለምን?»

«የመመለሻው ወረቀት እዚያ ውስጥ ነው።»

«የት ውስጥ?»

«ግራ ጫማህ ውስጥ። ከውስጥ ሶሉ ሥር። የልጅቷም ስልክ እሱ ላይ ነው የተጻፈው።»

«ማን ከተተው?»

«ቦርሳ ይቀዳሉ አለች። እግርህን ማን ይቀደዋል ብዬ፣ አራት አጥፌ...»

«እንግዲያው ከጠዋት ጀምሮ እግሬን ሲቆረቁረኝ የዋለው...»

«እሱ ነው።»

እስቲ አስቡት። ወረቀት ከሌለ አውቶቡስ የለም። ስልክ ቁጥር ከሌለ ልጅ የለችም። ቋንቋ የለም፣ ጫማ የለም፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የቀረው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ምን ያደርጋል? ይጸልያል? አሁን ከቤተ ክርስቲያን መውጣታቸው እኮ ነው። አይ፣ አልጸለዩም። ተጣሉ።

የባልና ሚስት ጥል ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጫማ ላይ አይቆምም። እሱ «ሳትነግሪኝ» ብሎ ጀመረ። እሷ «አንተ በሬውን ስትሸጥ ነግረኸኝ ነበር?» አለች። በሬው የተሸጠው የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። ከበሬው ወደ እናቱ ተሻገሩ። ከእናቱ ወደ ሠርጋቸው። ሠርጋቸው ላይ ሲደርሱ የቀራቸው አርባ ደቂቃ ነው።

«እኔ በቀኝ እሄዳለሁ» አለች።

«ሂጂ።»

«እሄዳለሁ።»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ።»

ሄደች። እሱም በግራ ሄደ።

ሽብሩ ጥግ እስኪዞር ልቡ በንዴት ሞቆ ነበር። ጥጉን ዞረና ዝም ብሎ ወደ ኋላ አየ። የለችም። ሰው ብቻ። ጃንጥላ ያለው፣ ኮፍያ ያለው፣ ልጅ ያዘለ። ነጠላ የለበሰ ሰው የለም። ተመልሶ ጥጉ ጋ መጣ። የለችም።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሚስቱ የት እንዳለች ጠይቆ አያውቅም። ጓዳ ናት፣ ገበያ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ናት። አሁን የት ናት? ስሟን ቢጠራ ማን ይሰማዋል? ሰው ቢይዝ ምን ብሎ ይጠይቀዋል? ጫማው ከጭንቅላቱ ወጣ። አውቶቡሱ ወጣ። በተቀደደ ካልሲ፣ በዚያ ድንጋይ ላይ፣ የአምሳ አራት ዓመት ሰውዬ ሮጠ። ግንቡን ተከትሎ ሮጠ። አንዱን ጥግ ዞረ፣ ሌላውን ዞረ፣ ሦስተኛውን ሲዞር ከአንድ ሰው ጋር ተላተመ።

የውብዳር ናት። እሷም እየሮጠች ነበር። እሷም ጫማ ፍለጋ አልነበረም የምትሮጠው።

የት ነው የተገናኙት በሉኝ። በሩ ላይ። የገቡበት በር ላይ። እሱ በግራ ሄዶ ደረሰ፣ እሷ በቀኝ ሄዳ ደረሰች። ቤቱ አንድ ነዋ፣ በየትም ብትዞሩት በሩ ያው ነው። ያን ሁሉ ሰዓት የተከራከሩት በምን ነበር ታዲያ?

ቆዩ፣ አላለቀም። ጫማቸውን ሊያነሱ ወደ አምዱ ሲዞሩ ሁለት ጫማ አይደለም ያለው። አርባ ነው ወይ አምሳ። ሸራ ጫማ፣ ቡትስ፣ የሴት ሂል፣ የሕፃን ሰንደል ጫማ። የሽብሩና የውብዳር ጫማ ተቀምጦ ያየ ሰው ሁሉ «ለካ እዚህ ማውለቅ ነው ሕጉ» ብሎ አውልቆ ገብቷል። አንድ ጢማም ፈረንጅ በአንድ እግሩ እየዘለለ ክር ይፈታል። ያ ጥበቃ እጁን እያወራጨ «አይደለም፣ ግቡ፣ በጫማ ግቡ» የሚል ይመስላል፣ የሚያምነው የለም። ጫማው መሬት ላይ አለ፣ ይታያል። ጥበቃው የያዘው ወሬ ብቻ ነው።

ቆፈሩ፣ አገኙ። የውብዳር ግራ ጫማውን ገልብጣ ሶሉን አነሳች። ወረቀቱ ወጣ። እንዴት እንደሚሸት አልነግራችሁም፣ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለነው። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቁልቁለቱን በካልሲ ወረዱት። አውቶቡሱ ሊሄድ አራት ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። ሹፌሩ እግራቸውን አየ፣ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ጫፉን ይዞ አየ፣ አንገቱን ነቀነቀና አስገባቸው።

እንግዲህ ምሳሌው ምንድን ነው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔንም ያምታታኛል። አንድ ቀን ይኼ ነው እላለሁ፣ በነጋታው ያ ነው እላለሁ። ዛሬ የመጣልኝ ይኼ ነው።

ሙሴ «ጫማህን አውልቅ» ተባለ። አወለቀ። ከዚያስ? በባዶ እግሩ ቆሞ መከራከር ጀመረ። «እኔ ማን ነኝ፣ አፌ ይያዛል፣ ሌላ ሰው ላክ።» አያችሁ? ጫማ ማውለቅ ለሙሴም ቀላል ነበር። ክርክሩን ማውለቅ ነው የከበደው።

እናንተም ዛሬ ጫማችሁን አውልቃችሁ ገብታችኋል። አይቻለሁ፣ በሩ ላይ ተከምሯል። አንዳንዶቻችሁ ካልሲም ብትቀይሩ ደግ ነበር። ግን ምላሳችሁስ? እሱ እንደተጫማ አይደለም እንዴ የገባው? ስንቶቻችሁ ናችሁ ከጎረቤት ጋር በአንድ ክንድ አጥር የተካሰሳችሁትን ይዛችሁ እዚህ የቆማችሁት? ስንቶቻችሁ ናችሁ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ሚስታችሁን ተቆጥታችሁ፣ እዚህ መጥታችሁ አንገት የደፋችሁት?

ሽብሩና የውብዳር ዝም ብለው ባስቀመጡት ጫማ አርባ ሰው አስወለቁ። አፋቸውን ከፍተው ግን አንዳቸው ሌላውን አንድ ጥግ እንኳ ማስዞር አልቻሉም። ልጆቻችሁ የሚያዩት ያስቀመጣችሁትን ነው እንጂ የምትሉትን አይደለም። እናንተ ቀኝ ነው ግራ ነው ስትባባሉ አውቶቡሱ ይሄዳል። ደግሞ ስትጣሉ በሬውን ተዉት። ተሽጧል፣ ተበልቷል፣ አጥንቱም የለም። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጥጉን ሳይዞር ያዙት።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ልውረድ። ያቺ ሴት እዚያ በቀኝ በኩል ቆማ ያን ያህል ስትሰግድ፣ ምን ብላ የጸለየች ይመስላችኋል? ለሰላም? ለልጇ? ማናቸው በሴቶች በኩል እጃቸውን ያወጡት? እሺ እናቴ፣ ይናገሩ።

«ጫማዬን ጠብቅልኝ ነዋ ያልኩት። ደግሞ ወረቀቱ የነበረው በቀኝ ጫማው ነው፣ አትሳሳት።»

እሺ እናቴ። እኔ እንኳ ስም ቀይሬ ነበር። ቆይ፣ በወንዶች በኩል ደግሞ ማን ነው የሚነሳው? እሺ አባቴ።

«በግራው ነው።»