ስሙ ያልተጠራው ባና ሠሪ

በእኛ ሰፈር አንድ አባባል አለ። አንድን ከተማ አንዴ አይቶ ቤት ለመከራየት የሚሮጥ፣ ወይም ሥራ በጀመረ በሳምንቱ አለቃውን የሚያወድስ ሰው ሲገኝ፣ ሰዎች ተያይተው ይስቁና ይህን አባባል ጣል ያደርጉበታል። እኔም ለብዙ ጊዜ ለማሾፊያ ስጠቀምበት ኖሬአለሁ። መጀመሪያ የተነገረ ቀን ግን አንድም ሰው እንዳልሳቀ የነገሩኝ፣ በቦታው የነበሩ አንድ የእድራችን ሽማግሌ ናቸው። ታሪኩን እሳቸው እንደነገሩኝ ነው የምጽፈው።

ከደሴ ወደ ደላንታ የሚወስደው መንገድ በየክረምቱ በጎርፍ በሚቆረጥበት ዘመን፣ ቀጭን ውሃ በምትባል የደጋ መንደር አራጋው ብርሌ የሚባል ባና ሠሪ ይኖር ነበር። የበግ ጠጉር ገዝቶ ያስፈትላል፤ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ራሱ ይሸምናል። የእሱ ባና ውርጭ አያሳልፍም ይባልለት ነበር። ትዳሩ ስላልሰመረለት የሚኖረው ከእናቱ ከወይዘሮ ዘነቡ ጋር ነው።

ቀጭን ውሃ በአንድ ወቅት አርባ ቤት ነበራት። ዝናብ ደጋግሞ በቀረባቸው ዓመታት ግን ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወረደና በዚያው ቀረ። የአራጋው አባት ሲሞቱ ቃሬዛውን ለመሸከም የተገኙት ስድስት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ከስድስቱም ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ዘጠኝ ጊዜ አሳረፉ። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የአንደኛው ሽማግሌ ትከሻ ዛለና ቃሬዛው ዘመመ፤ አራጋው ተንደርድሮ ባይደግፈው ኖሮ አስከሬኑ ገደል ይገባ ነበር። ወይዘሮ ዘነቡ ከኋላ ሆነው ይህን አዩ።

ከዚያ ቀን በኋላ እግራቸው እየከዳቸው ሄደ። አንድ ቀን ልጃቸውን ከሽመናው አስነስተው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«መሞት አልፈራም፣ ልጄ። በስድስት ሰው መሄድን ግን እፈራለሁ» አሉት።

አራጋው ወደ ሽመናው ተመለሰ። ነገሩ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ።

በዓመቱ ጥር ወር ላይ ስምንት ባና ጭኖ ለመሸጥ ደሴ ወረደ። ከተማውን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ያረፈው የአክስቱ ልጅ እንድሪስ ዘንድ ነው። እንድሪስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከወሩ ግማሹን የሚያሳልፈው በአሰብ መንገድ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ባናዎቹ በሙሉ ተሸጡ። በሁለተኛው ቀን እንድሪስ ገበያውን፣ መናኸሪያውንና ቧንቧውን አዟዙሮ አሳየው። አራጋው ሁሉንም ቢያደንቅም፣ እንደ አንድ ጥሩ ዕቃ ነው ያያቸው፤ ልግዛው አላለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጡሩምባ ሰማ። ሲወጣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ትልቅ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንዶች ወንበርና ጣውላ ይሸከማሉ፤ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይጎርፋሉ። ሕዝቡን መቁጠር ጀምሮ ሁለት መቶ ላይ ሲደርስ ተምታታበት። አጥሩን ተደግፈው የጡሩምባቸውን አፍ በጋቢያቸው ጫፍ የሚጠርጉ ሰው አየና ቀረብ አለ። ጋሽ ጥላዬ ይባላሉ፤ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ናቸው።

«ጌታዬ፣ የትኛው ባላባት ነው የሞተው?»

«ባላባት? ትርንጎ ናት እንጂ። ጌሾ ቸርቻሪዋ።»

«ልጆቿ ትልልቅ ሰዎች ናቸው?»

«ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው?»

«እኛ አለንላታ» አሉት ጋሽ ጥላዬ፤ ከዚያም ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ከወዴት ነህ አንተ? አገርህ ሰው አይቀበርም እንዴ?»

«ከደላንታ ነኝ። ይቀበራል፤ ቀባሪው ነው ያለቀብን።»

አራጋው ሕዝቡን ተከትሎ እስከ መቃብሩ ሄደ። የማያውቃት ሴት ላይ አፈር አለበሰ። ሲመለስ እንድሪስ ምሳ እየበላ ነበር።

«እናቴን ላመጣት ነው» አለው ገና ሳይቀመጥ።

«ለሕክምና?»

«ለመኖር። ቤት ፈልግልኝ።»

እንድሪስ የጎረሰውን ዋጠና ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ በቅሎ እንኳ ስትገዛ ጥርሷን አይተህ፣ አስግረህ፣ ዳገት አስወጥተህ ነው። ከተማ በሦስት ቀን ትገዛለህ?»

«ያየሁትን አይቻለሁ።»

«አንድ ክረምት ክረም። ጭቃውን እይ። በሰኔ ባናህን ማን እንደሚገዛህ እይ። ጎረቤትህ ማን እንደሆነ ሳታውቅ አሮጊት ይዘህ አትምጣ።»

«እሷ የምትጠብቀው ክረምት የላትም።»

«ሰው ከተማ የሚገባው ሊኖርበት ነው፣ ወንድሜ፤ አንተ ልትቀበርበት ትመጣለህ።»

«መኖሩንማ የትም ይኖራል» አለ አራጋው።

እንድሪስ ከዚህ በኋላ አልተከራከረም። ምክሩ ትክክል ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ሳይናገር ቀረ፤ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው ለሰው የሚነገር ነገር አልመሰለውም።

ነገሩን ለመረዳት የቀጭን ውሃን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚያ የመንደሩ መቀባበሪያ ማኅበር ቅሬ ይባላል። ማንም ሰው ቅሬ ልግባ ብሎ አይጠይቅም። አዲስ ጎጆ የቀለሰ ሰው ካለ፣ ከጣሪያው ጭስ በወጣ በሳምንቱ የቅሬው ዳኛ ራሱ መጥቶ በሩ ላይ ይቆምና «ከእኛ ነህ» ይለዋል። ነገሩ በዚያው ያልቃል። ስትሞቱ ልቅበራችሁ፣ ስሞት ቅበሩኝ ብሎ መለመን እዚያ አገር ትልቅ ነውር ነው፤ ሰውነትን የማሳነስ ያህል ነው። በከተማው ግን እድር የሚገባው ራሱ ሰውየው ሄዶ ሲጠይቅና ስሙ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው። እንድሪስ ሳይናገር የቀረው ይህን ነው።

አራጋው ቤቱን ለአጎቱ ልጅ ትቶ፣ እናቱን እስከ መኪናው መንገድ በቃሬዛ አውርዶ፣ በእንድሪስ መኪና ጋቢና አስቀምጦ ደሴ አመጣቸው። እትዬ ፋንቴ በሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየ። ወይዘሮ ዘነቡ መንደራቸው ሲናፍቃቸው ያለቅሱ ነበር። ጡሩምባ ሲነፋ ግን በር ላይ አስቀምጠኝ ይሉታል፤ ለቀስተኛው በፊታቸው እስኪያልፍ ይቆጥሩና፣ «ተመስገን፣ ይበቃል፤ ይህ ይበቃል» ይላሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አራጋው አንድም ቀብር አልቀረም። መቃብር ይቆፍራል፣ ቃሬዛ ይሸከማል፣ ድንኳን ሲነቀል ገመድ ይፈታል። «ከእኛ ነህ» ብሎ በሩ ላይ የቆመ ባይኖርም፣ አካፋውን ሲያቀብሉት ይህንኑ ያሉት መሰለው። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ የስም ጥሪ ይደረጋል። የእሱ ስም አንድም ቀን ተጠርቶ አያውቅም። እሱ ግን ጥሪው ቀብር እየቀሩ ያስቸገሩትን ለመያዝ የሚደረግ ይመስለው ነበር። «የእኛን ስም የሚያስጠራ ጥፋት የለብንም» ይላቸው ነበር ለእናቱ፣ ደስ እያለው።

የእድሩ ሰዎችስ? ሁሉም መልኩን ያውቁታል። ገሚሶቹ የደላንታ ሰዎች የራሳቸው እድር ይኖራቸዋል፣ እዚያ ገብቶ ይሆናል አሉ። ገሚሶቹ ሊጠይቁት አስበው ነበር፤ ነገር ግን አሮጊት እናት አልጋ ላይ በዋለችበት ቤት ገብቶ «እድር ግባ» ማለት ሟርት ይሆናል ብለው ፈሩ። እሱ ላለማፈር፣ እነሱም ላለማሟረት ሲሉ ሁለት ዓመት እንዲሁ ተላለፉ።

ወይዘሮ ዘነቡ በኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አረፉ። እንድሪስ አሰብ ነበር። እትዬ ፋንቴና ሦስት የጎረቤት ሴቶች አስከሬኑን አጥበው ገነዙ።

«እድራችሁ የት ነው?» አሉ እትዬ ፋንቴ።

«እዚሁ ነን» አለ አራጋው፣ ጥርጣሬ በሌለው ድምፅ።

ሴትዮዋም በዚሁ አመኑ። ረቡዕ ንጋት ላይ አራጋው ነጠላውን አደግድጎ ደጅ ቆመ። ጡሩምባ የለም። ፀሐይ ወጣች። ወተት የሚያመላልሱ ሰዎች አለፉ፤ ሱቆች ተከፈቱ። አንድ ቄስ መጥተው «ቆፋሪዎቹ የታሉ?» ብለው ጠየቁ። አራጋው ወደ ጋሽ ጥላዬ ቤት ሄደ።

«ጋሼ፣ እናቴ አርፋለች። ጡሩምባው ዘገየብኝ።»

ጋሽ ጥላዬ ብድግ አሉ። «እግዜር ያጽናህ። በየትኛው እድር ናችሁ?»

«በእናንተ ነዋ።»

«ማን መዘገበህ?»

«መመዝገብ ምንድነው?» አለ አራጋው።

የእድሩ ሕግ ጥብቅ ነበር፤ ስሙ መዝገብ ላይ ለሌለ ሰው ያለ ዳኛው ፈቃድ ጡሩምባ አይነፋም፣ ድንኳንም አይወጣም። ዳኛው አቶ ማንደፍሮ ደግሞ ለሠርግ ሐይቅ ሄደዋል። «ሰው ልኬ አስጠራቸዋለሁ፤ እስከዚያ ታገሥ» አሉት ጋሽ ጥላዬ።

አራጋው አልተቆጣም። አመሰገናቸውና ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጋሽ ጥላዬ ሊያጽናኑት ቢመጡ ቤት አጡት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ አገኙት። አካፋውን የተዋሰው ከደብሩ ዘበኛ ነው። በአገሩ ሐዘንተኛ መቃብር አይቆፍርም፤ ደሴም ቢሆን እንደዚያው ነው።

«ውጣ፣ ልጄ። ሐዘንተኛ አይቆፍርም።»

«ቀባሪ ያለው ነው የማይቆፍረው፣ ጋሼ» አለ አራጋው፣ ቀና ሳይል።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አወለቁና ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር በእጃቸው ወደ ኋላ ይገፉ ጀመር። በዚያ ቀን ቀብር አልተደረገም። ወይዘሮ ዘነቡ ከአራት ሴቶችና ከአንድ ልጃቸው ጋር ሁለተኛ ሌሊት አደሩ።

ሐሙስ በማለዳ አቶ ማንደፍሮ ከሐይቅ ደረሱ። ነገሩን ሲሰሙ አልተቀመጡም። ጡሩምባው ተነፋ፤ ድንኳኑ ወጣ። ክርስቲያኑም እስላሙም ወጣ፤ ለትርንጎ ከወጣው ሰው ይበልጥ ነበር ይላሉ። ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ አንድ ጊዜ ብቻ አረፈ። አካፋና ዶማ የያዙት ወጣቶች ቀድመው መቃብሩ ዘንድ ሲደርሱ ጉድጓዱን ተቆፍሮ አገኙት። ጠርዞቹ እንደ ባና ጫፍ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ማን እንደቆፈረው በሹክሹክታ ተነገረ። ወጣቶቹ አካፋቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። አራጋው ሰዎቹን አንድ በአንድ እያየ ለእያንዳንዱ ራሱን ዝቅ ያደርግ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ዛሬ ሰፈራችን አዲስ ሰው ሲገባ፣ በወሩ ሁለት ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩተው «ከእኛ ሁን» የሚሉበት ሕግ የወጣው በዚያ ቀን ነው፤ አራጋውም በዚያው ቀን ተመዝግቦ እስኪያረጅ ድረስ አባል ሆኖ ኖሯል። ሕጉ ግን በቀላሉ አልወጣም። የእድሩ ጸሐፊ ክፉ ሰው ባይሆኑም ሥርዓት የሚወዱ ነበሩና ተነሥተው ተቃወሙ።

«ሐዘኑ ያሳዝነኛል» አሉ። «ግን ጥፋቱ የማን ነው? በሦስት ቀን ጉብኝት አገሩን ለውጦ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከመካከላችን ተቀምጦ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀንም። አሁን እኛ በየሰዉ ቤት እየዞርን እንለምን?»

ብዙዎቹ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ጋሽ ጥላዬ ከኋላ ወንበር ተነሡ። በስብሰባ ላይ ተናግረው የማያውቁ ሰው ስለነበሩ ሁሉም ዞረው አዩአቸው።

«ቸኩሏል፤ እውነት ነው» አሉ። «ያቻኮለው ግን ምንድነው? የእኛ ድንኳን ነው። እኔ ራሴ በአፌ ‹እኛ አለንላት› ብዬዋለሁ፤ አምኖኝ እናቱን ይዞ መጣ። ሁለት ዓመት የኛን ሬሳ ሲሸከም ስሙን የጠየቀው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ይህ ነገር ከዚህ ቤት ወጥቶ በየመንደሩ ይወራል፤ ስለ እሱ የተወራ ይመስለን ይሆናል፤ የሚወራው ግን ስለ እኛ ነው።»

ከዚያም ወደ በሩ እያዩ፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦ «ድንኳን አይቶ የሰፈረ፣ ቀባሪ አጥቶ አደረ።»