ይህ ወርቅ የማንን ልጅ ይገድላል?

አንዲት ሴት ነበረች። በጣሊያን አገር፣ ኮረብታ ላይ በተቀመጠች ትንሽ ከተማ፣ የሰው ልብስ እያጠበች የምትኖር። ባሏን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በልቶባታል። የቀራት ኔሎ የሚባል አንድ ልጅና በጣቷ ላይ ያለው የጋብቻ ቀለበቷ ነው።

ጣሊያን ስላችሁ የአንዳንዶቻችሁ ፊት ሲቀየር አየሁ። ታገሱኝ። ጠላታችን የምንለው ሰውም እናት አለው፤ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዷ እናት ነው። ከተማዋም ሴቲቱም ለምሳሌ ብዬ ያመጣኋቸው ናቸው፤ ዘመኑ ግን እውነተኛ ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን አገሩን የያዘው ተከታዮቹን ጥቁር ሸሚዝ የሚያስለብስ መሪ ነበር። እንዴት ጀመረ? ሰይፍ መዝዞ "እኔ አምባገነን ነኝ፣ ተገዙልኝ" አለ? እንዲህ ብሎ የጀመረ አምባገነን አታገኙም። "ሥራ እሰጣችኋለሁ፣ ሥርዓት አስይዛለሁ፣ የተናቀውን ስማችሁን አስከብራለሁ" ነው ያለው። ጋዜጦች ተዘጉ፤ ሰው "ጋዜጣ አይበላ" አለ። የሚቃወሙት ታሰሩ፤ ሰው "ሳያጠፉ አልታሰሩም" አለ። ምርጫ ቀረ፤ ሰው "ቢቀርስ ምን ጎደለብን?" አለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ክፋትም እግር የሚያወጣው እንደዚሁ ነው።

ከዚያ መሪው ወርቅ አማረው። ለምን? እኛን ለመውጋት። አባቶቻችን ማይጨው ላይ ሊሰለፉ ጥቂት ወራት ሲቀሩ፣ "ባለትዳሮች ሁሉ የጋብቻ ቀለበታችሁን ለአገር ስጡ፤ በምትኩ የብረት ቀለበት ትወስዳላችሁ" የሚል ጥሪ በየከተማው ተነገረ። በእሷ ከተማም ቀን ተቆረጠ፤ ቄሱም የብረቱን ቀለበት ሊባርክ ተዘጋጀ። አዎ፣ ቄሱ! እኔ አሁን በቆምኩበት ቦታ ላይ የሚቆም ሰው። አሮን ሕዝቡን "የወርቅ ጉትቻችሁን አምጡልኝ" ያለውን ታስታውሳላችሁ? ለጥጃው የሚሆነውን ወርቅ በእጁ የተቀበለው ካህኑ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ስለ ሁላችንም አፍራለሁ።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። በከተማዋ የጋራ የልብስ ማጠቢያ ነበር። የምንጭ ውሃ በረጅም የድንጋይ ገንዳ ይወርዳል፤ ሴቶቹ ከገንዳው ዳር ጎን ለጎን ተንበርክከው ያጥባሉ። እያንዳንዷ ከእናቷ የወረሰችው ቦታ አላት። ወሬ የሚወራው እዚያ ነው፤ ሐዘንተኛ የሚጽናናው እዚያ ነው። የዚህች እናት ቦታ ከጀማ አጠገብ ነበር። ጀማ የአናጢ ሚስት ናት፤ ልጅ አልወለደችም። ኔሎን ጡት ከማጥባት በቀር ያላደረገችለት ነገር የለም።

ቀኑ ሲቃረብ ሴቶቹ በማጠቢያው ይጫወታሉ። አንዷ "የእኔ በሳሙና እንኳ አልወልቅ ብሎ አስቸገረኝ" ትላለች፤ ይስቃሉ። ጀማ እጇን ከውሃው አወጣችና፦

"እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ይህ ወርቅ የማንን ልጅ ይገድላል?" አለች።

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደ ልብሳቸው አቀረቀሩ።

"የእኛን አይገድልም" አለች ይህች እናት። "የሩቅ ሰዎች ናቸው። የት እናውቃቸዋለን?"

"እናት የላቸውም?" አለች ጀማ።

በማግስቱ ከጀማ በስተግራ የምታጥበው ቴሬዛ ልብሷን ጠቅልላ ወደ ገንዳው ሌላ ጫፍ ሄደች። ሌሎቹም ተከተሏት። የሰደባት አለ? የለም። ክፉ ቃል የተናገራት አለ? እሱም የለም። ዝም ብለው ብቻ ራቁ።

ይህች እናት ጨነቃት። ጀማን ትወዳታለች። ግን ኔሎ አለ። ትምህርት የሚገባው ልጅ ነው፤ ከልብስ አጣቢ ቤት ወጥቶ ሰው የሚሆን ልጅ ነው። የከተማዋ የጥቁር ሸሚዞቹ አለቃ "ከደህና ቤተሰብ ነው" ብሎ ካልመሰከረለት ግን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ደጃፍ አይደርስም። "ለልጄ ስል ነው" አለች በሆዷ። ይህቺን ቃል ያዙልኝ። ቅርጫቷን አነሳች። ጀማ ቀና ብላ አየቻት። ይህች እናትም ከሌሎቹ ጋር ሄዳ ማጠቧን ቀጠለች።

ሰንበት ብሎ አለቃው ቤቷ መጣ። ትሁት ሰው ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ነው የገባው።

"እርስዎ ሐቀኛ ሴት ነዎት፤ ውሸት አይወዱም። የአናጢው ሚስት ምን ነበር ያለችው?"

"አንድ ጥያቄ ነው የጠየቀችው።"

"ምን የሚል?"

ነገረችው። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ወገኖቼ፣ እውነት በመናገርም ሰው ይገደላል! በዚያው ሳምንት የጀማን ባል "ሚስትህ የምትናገረው አንተ ያስተማርካትን ነው" ብለው ወሰዱት። እስረኛ ወደሚጣልበት ደሴት ላኩት፤ ሳንባውን ታሞ እዚያው ሞተ። ይህች እናት ቀለበቷን ሰጠች፤ የተባረከውን ብረት አጠለቀች። ኔሎም ትምህርት ቤት ገባ።

ወርቁስ? ወርቁ መንገዱን ሄደ። ወደ እኛ መጣ። የመርዝ ጭስ ሆኖ ከሰማይ ዘነበብን፤ ሸለቆ ውስጥ ውሃ ሊጠጣ ያጎነበሰ ወታደር በዚያው ቀረ። እናቶቻችን ስንቱን ልጅ እንደቀበሩ፣ ስንቱንም ሳይቀብሩ እንደቀሩ እናንተው ታውቃላችሁ። በዚያች ከተማ ግን የድል ደወል ተደወለ። ይህች እናት በደስታ አለቀሰች። "የእኛን አይገድልም አላልኩም?" አለች።

የቀመሰ ሰው አንድ አገር ይበቃኛል ይላል? ከሰሜን ሌላ አምባገነን ተነስቶ ነበር፤ የባሰ። ከሩቅ ምሥራቅም ሌላ ኃይል። እጅ ለእጅ ተያያዙ። ፖላንድ ወደቀች፣ ፈረንሳይ ወደቀች፣ የግሪክ ተራሮች፣ የአፍሪካ በረሃ፣ ባሕሩ ሁሉ ሳይቀር የጦር ሜዳ ሆነ። የእኛ አርበኞች አምስት ዓመት ተንከራተው ሰንደቃቸውን መልሰው ሲሰቅሉ፣ የዚያች እናት አገር ገና ልጆቿን እየገበረች ነበር። ኔሎም ተጠራ። ወደ ሩሲያ በረዶ።

ወደዚያው አለቃ ሮጠች።

"እባክዎ፣ ያለኝ አንድ ልጅ ነው! እርስዎ ያውቁኛል፤ የጠየቃችሁኝን ሁሉ ሰጥቻለሁ።"

"አውቃለሁ" አላት፣ አሁንም በትሕትና። "እርስዎ እምቢ ብለው አያውቁም።"

ያጎረሰ እጁን ተነከሰ ማለት ይህ ነው። ኔሎ ሄደ። አልተመለሰም። አብሮት የነበረ፣ እግሩን ብርድ የበላው ወጣት ቤቷ ድረስ መጥቶ ነገራት፦ "ስናፈገፍግ አብረን ነበርን፤ 'ትንሽ ልረፍ' ብሎ በረዶው ላይ ተቀመጠ። ጎትቼው ነበር። አልተነሳልኝም።"

ጦርነቱ አለቀ። መሪው ወደቀ፤ ሐውልቶቹን ትናንት ያጨበጨቡት እጆች ራሳቸው ሰባበሯቸው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ይህች እናት የጀማን በር አንኳኳች። ጀማ ከፈተች። ሴትዮዋ "ኔሎ..." አለች። ጀማ እዚያው ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እንደ ወለደችው እናት አለቀሰችለት። ሁለቱም አለቀሱ።

ኋላ ላይ ሴትዮዋ፣ "ይቅር በይኝ" አለቻት። "ግን ምን ማድረግ እችል ነበር? እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። ያንን ሰውዬ ላቆመው ነበር?"

"እሱን አቁሚልኝ መቼ አልኩሽ?" አለች ጀማ። "ቅርጫትሽን ባታነሺው ይበቃኝ ነበር። ሁለት እንሆን ነበር። ሁለት ብንሆን ምናልባት ቴሬዛ ትመለስ ነበር፤ ከዚያ ሦስት። ጦርነቱ ይቀር ነበር አልልሽም፤ አላውቅም። እኔ ግን ብቻዬን ባልሆንኩ፣ ባሌንም እንዲያ በቀላሉ ባልወሰዱት።"

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህች እናት ልጇን ያጣችው መቼ ነው? በረዶው ላይ ነው ትሉኛላችሁ። የጥሪው ቀን ነው ትሉኛላችሁ። እኔ ግን እላችኋለሁ፤ ልጇን መስጠት የጀመረችው ፀሐይ በወጣበት ደህና ቀን፣ ማንም ሳይጮህባት፣ ማንም ጠመንጃ ሳይደግንባት፣ "ለልጄ ስል ነው" ብላ ከአንዲት ጎረቤቷ የራቀች ለት ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። ያን ለት በቅጠል የሚጠፋ እሳት ነበር።

እናንተስ? "እኛ ማንንም አልገደልንም" ትሉኛላችሁ። እሷስ ማንን ገደለች? የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ሁሉም ሲያጨበጭብ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ "ቆይ፣ ይሄ ነገር ማንን ይጎዳል?" አለ። ከስብሰባው በኋላ ሻይ አብሮት የጠጣ ማነው? በእድራችሁ አንዱ "እነዚያም እኮ እናት አላቸው" ብሎ ተናገረ። በማግስቱ ሰላምታ የነፈጋችሁት አላችሁ። በስልካችሁ የወገናችሁ ያልሆነውን የሚሰድብ ነገር ሲመጣ፣ "ተዉ" ያለችውን እህት ከቡድኑ ሲያስወጧት ዝም ያላችሁ አላችሁ። ለምን? "ለእንጀራዬ ስል ነው።" "ለልጆቼ ስል ነው።" አዎ፣ እሷም እንዲያ ነበር ያለችው። ለልጆቻችሁ ብላችሁ የምታሳድጉት እሳት ልጆቻችሁን ይጠይቃል!

አሁን የአንድ ሰው ስም ወደ ልባችሁ መጥቷል፤ ከፊታችሁ ይታወቀኛል። ከአጠገቡ የራቃችሁት ሰው። ጌታ "መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ ከወንድምህ ጋር ታረቅ" ብሏል፤ ስብከቱ እስኪያልቅ ጠብቅ አላለም። በሩ ክፍት ነው። ከመዝሙሩ በፊት ተነስታችሁ ብትወጡ እኔ አልቀየማችሁም፤ የቀረነው እንዘምራለን።