ቶሎ ላገኘ ጭብጨባ

አንድ መምህር ነበር። በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ከኢንተርኔት ላይ መረጃ ፈልጎ ማግኘት ያስተምራል። ጥያቄ ይሰጥና "እስቲ ማን ይቀድማል?" ይላል። ሁሌም የምትቀድመው የጎረቤቴ የአዛለች ታናሽ እህት ረድኤት ናት። ክፍሉ ያጨበጭብላታል። ጭብጨባው እኛ ግቢ ድረስ ይሰማ ነበር።

አዛለች ደግሞ ባገባች በሰባት ዓመቷ አረገዘች። ሰባት ዓመት! ያልተሳለችበት ደብር፣ ያልሄደችበት ሐኪም የለም። ሦስተኛ ወሯን ስትይዝ የኮሶ ትል ታየባት። ለራሷ አልፈራችም። "የልጄን ምግብ እየተሻማ ሊጨርስብኝ ነው" እያለች ታለቅሳለች።

ጤና ጣቢያ ብትሄድ የግማሽ ቀን ሰልፍ ነው። ስለዚህ ረድኤትን ጠራቻት።

"አንቺ ተማሪዋ፣ እስቲ በስልክሽ እይልኝ። የኮሶ አበባ ቀጥቅጬ ብጠጣ ይሻለኝ ይሆን?"

ልጅቷ ምራቋን እስክትውጥ እንኳ አልቆየችም።

"ይኸው! ትሉን ጠራርጎ ያወጣል ይላል። መጠኑም ተጽፏል።"

እኔ ከአጥሩ ወዲህ ልብስ አሰጣለሁ። ጆሮዬ መቼም አያርፍም። "ኧረ ልጆች፣ እርጉዝ ኮሶ አትጠጣም ሲባል ነው ያደግነው" አልኩ።

ረድኤት ሳቀች። "እትዬ ደግሞ! ሲባል ሰማሁ እኮ ማስረጃ አይሆንም።"

አዛለችም ፈገግ አለች። ተቀየምኩና ገባሁ። ለባሏ እንኳ አልነገርኩም። ስንቱን የማይረባ ወሬ ስነዛ ኖሬ ያን አንዱን ዋጥኩት።

ጠጣች። በማግስቱ ደም ፈሰሳት። ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሷት። እሷ ተረፈች፤ ፅንሱ ጨነገፈ። ሐኪሙ ኮሶ ለነፍሰ ጡር መርዝ እንደሆነ ሲነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መምህሩ ሊጠይቃቸው መጣ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ረድኤት ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች።

"ስልክሽ ላይ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?" አላት።

"የኮሶ ጥቅም ብዬ።"

"ጥቅሙን ብቻ? ጉዳቱንስ? የጻፈውስ ማን እንደሆነ አላየሽም? ሌላ ቦታስ ምን ይላል አላልሽም?"

ልጅቷ ቀና አለች። "ቲቸር፣ እርስዎ የሚያስጨበጭቡት ቶሎ ላገኘ ነው። ደጋግሞ ላየ አስጨብጭበው ያውቃሉ?"

መምህሩ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" እንኳ ሳይል ተነስቶ ወጣ።

ዛሬ እዚያ ክፍል ማጨብጨብ ቀርቷል። ተማሪ መልስ ይዞ ሲመጣ "ማን ጻፈው? መቼ? ይህን የሚቃወምስ ምን አገኘህ?" ይባላል። አንድ ጥያቄ ሁለት ቀን ይፈጃል እያሉ ወላጆች ያሙታል። እኔ አላማውም። አዛለች ግን ይኸው እስከ ዛሬ እህቷን በስሟ አልጠራቻትም።

ወገኖቼ፣ ስልክ የጠየቁትን ያመጣል። ጥቅሙን ለጠየቀው ጥቅሙን ይሰጠዋል፤ ጉዳቱን ሳይጠይቅ የቀረውን ሰው "ቆይ፣ ይህም አለ" ብሎ እጁን አይዘውም። ልጅ መፈለግን ሲማር ያገኘውን መጠርጠርም አብሮ ይማር። አስተማሪም ቢሆን የሚያሞግሰውን ይወቅ፤ ልጆች ከምክሩ ይልቅ ሙገሳውን ይከተላሉና።

እናንተስ፣ ልጃችሁ ከስልኩ ላይ አንብቦ "ይኸው" ሲላችሁ ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ?