የርግቡ አዲስ ቤት

ተረት ተረት ስንል፣ ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል።

የርግቡን ሚስት ጭልፊት ወስዷታል። ጎጆ መሥራት የምታውቀው እሷ ነበረች። ርግቡ በተበተነው የጎጆ ጭራሮ ላይ ከሁለት ጫጩቶቹ ጋር ቀረ፤ የቅጠል ጥላ ባለፈ ቁጥርም ይደነግጣል። ስለዚህ ቤት ሠሪ ፈለገ።

መጀመሪያ ሸረሪት መጣ። ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ለናሙና ድሩን ዘረጋ። ድሩ በፀሐይ አብረቀረቀ።

«አያ ርግብ፣ እንዲህ ያለው ቤት ከወንዝ ማዶ ሳይቀር ይታይልሃል» አለ።

«አባዬ፣ ይሄ ይሁንልን!» አለች ትንሿ ጫጩት።

ቀጥላ ጎጆ የምትሸምነው ቢጫ ወፍ መጣች። ምንም አላሳየችም፤ ጠየቀች እንጂ።

«ስንት ናችሁ?»

«አራት» አለ ርግቡ። ከዚያ ጫጩቶቹን አየ። «ሦስት።»

ወፏም ቀጠለች። «የምትፈሩትስ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከላይ።»

«እንግዲያው በሩ ወደ ታች ይሁን። መልኩም ከዙሪያው ሣር አይለይ።»

ሸረሪት ሳቀ። «እንግዶችህ ተዘቅዝቀው ሊገቡ ነው?»

ርግቡ ግን «ሥሪልኝ፣ እመት ወፊት» አለ።

ወደ ማታ ቤቱ አለቀ። ገና እንደገቡ የጭልፊቱ ጥላ በሣሩ ላይ አለፈ። ጫጩቶቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ጭልፊቱ በቀጥታ ወደሚያብረቀርቀው ድር ተወረወረ፤ ቦጫጨቀው፤ ባዶ መሆኑን ሲያይ ሄደ።

«አባዬ፣ ተመልሶ ይመጣል?» አለች ትንሿ።

«ይመጣል።»

በድሮው ጎጆ ሚስቱ ሁልጊዜ የምትተኛው በበሩ በኩል ነበር። ርግቡ ያን ቀን በመጨረሻ ያደረገው ነገር በበሩ በኩል መተኛት ነው።