ወንበሩን ያጣው የምክር ቤት ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ የምክር ቤት አባል። ትናንት «ለብዙ ዓመት የተሟገትኩለትን ነገር ዛሬ ብቃወም ሰው ያምነኛል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል፣ አስካለ? እንግዲያው ስሚኝ።

ይህ ሰው አዲስ ነገር አይወድም ነበር። አዋጅ በቀረበ ቁጥር «የአባቶቻችንን ደንብ አትነካኩ» ይላል። የምክር ቤቱ ወንበሮች ሲቀየሩ እንኳ ተነስቶ ተቃውሟል። ባልደረቦቹ ይስቁበታል፤ ግን ይወዱታል፣ ምክንያቱም አይዋሽም፣ የሰው ፊት አይቶ አይናገርም። እኔም እወደው ነበር። የአገሩ ገበሬዎችም ለዚሁ ጠባዩ ሲሉ በየምርጫው መልሰው ይልኩታል።

በዚያ አገር መስኖ በተራ ነው። ውሃውን የሚያከፋፍለው ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላል። እሱ ሲጣራ የየቤቱ አባወራ ወይም ወንድ ልጁ አካፋ ይዞ ቦዩ አፍ ላይ ይቆማል። ወንድ ያልቆመለት ቤት ተራው ያልፈዋል። ታዲያ አንድ ጊዜ «ሴትም በስሟ ውሃ ትውሰድ» የሚል አዋጅ ለምክር ቤቱ ቀረበ። ሰውዬው እንደ ልማዱ ተነስቶ አጥብቆ ተቃወመ። ድምፅ የሚሰጠው ግን ከዕረፍት በኋላ ነበር።

ለዕረፍት አገሩ ሲገባ በቀጥታ ታላቅ እህቱ ዘንድ ሄደ። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏን ከቀበሩ ወዲህ አላያትም ነበር። ከቤቷ ፊት ለፊት ያለው የሽንኩርት ማሳ ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቋል።

«ምን ነካው?» አላት።

«ተራው አለፈኝ። አካፋ የሚይዝልኝ ወንድ የለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልላክሽብኝም?»

«አንተ እዚያ ስለ ደንቡ ስትከራከር በሬዲዮ እሰማለሁ። እንዴት ላሳፍርህ፣ ወንድም ዓለም?»

እንባው መጣ። አካፋዋን አንስቶ በዚያው ወደ ቦዩ ሄደ። የውሃ አባቱ በአክብሮት ተነሳለት፤ ውሃውን ግን ከለከለው።

«እርስዎ የዚያ ቤት አባወራ አይደሉም፣ ክቡርነትዎ። ደንቡን ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ሽማግሌው አላሾፈም፤ ከልቡ ነው የተናገረው። ሰውዬው አካፋውን ይዞ ተመለሰ።

ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ተነስቶ ቆመ። «ይህን ደንብ እወደዋለሁ፤ አባቴ በዚሁ ደንብ አጠጥቶ ነው ያበላኝ። እህቴን ግን በእሱ አስርቤያታለሁ» አለና አዋጁን ደግፎ እጁን አወጣ። ወገኖቹ አጉረመረሙ፤ አንዱማ «ከሃዲ!» ብሎ ጮኸበት። አዋጁ ጸደቀ። እሱ ግን በሚቀጥለው ምርጫ ወንበሩን አጣ።

አገሩ ገብቶ እስኪያረጅ ድረስ አዲስ ነገር ሲነቅፍ ኖረ፤ የውሃ ሞተር ሲመጣማ ሰፈሩን በሙሉ አኩርፎ ነበር። ይሁንና ጠብ ሲነሳ ሰዎች ለዳኝነት የሚሄዱት እሱ ዘንድ ነው፤ ያልመረጡትም ጭምር።

አንቺም እንደዚያው ነሽ፣ አስካለ። «ለቀብር ያልወጣ ከዕድሩ ይሰረዝ» የሚለውን ደንብ ለዓመታት ያስከበርሽው አንቺ ነሽ። አሁን አልጋ የያዘችው ጎረቤትሽ በዚያው ደንብ ልትሰረዝ ነው። እሁድ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ብትሟገቺላት የሚያጉረመርም አይጠፋም፤ የዕድሩን ሊቀመንበርነትም ይነጥቁሽ ይሆናል። ዝም ካልሽ ግን ያቺ ሴት ስትሞት ድንኳን የሚተክልላት የለም። ተነሺላት፣ ልጄ።