ሸበጡና የደብሪቱ እግር

ኑ፣ ጠጋ በሉ። የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠም እግሩን ይዘርጋ። እኔም ደክሞኛል፣ እናንተም ደክሟችኋል፤ የምነግራችሁም የድካም ነገር ስለሆነ ሳንተኛ እንጨርሰው።

በድሮ ጊዜ፣ ጫማ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ጭቃም ሲረግጡት በሚሳደብበት ዘመን፣ ደብሪቱ የምትባል የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ነበረች። ማርና ሰም በበቅሎ አስጭና ከደጋ ወደ ቆላ ትወርዳለች፤ ጨው አስጭና ከቆላ ወደ ደጋ ትወጣለች። ባሏ ሲሞት አለቅነቱ ለእሷ ተላለፈ። የባሏ ወንድም ይርዳው ግን ነገሩ ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮበት ቀረ። ፊት ለፊት አይናገርም። ያያል ብቻ።

የእነዚያ ነጋዴዎች ወግ እንዲህ ነበር፦ ሰፈር ሲደርሱ ጭነቱ ይራገፋል፣ ዙሪያውን እንደ አጥር ይደረደራል፣ ድንኳኑም መሃል ይተከላል። ከዚያ አለቃው ሳይቀመጥ፣ ውሃም ሳይቀምስ፣ የበቅሎዎቹን ጀርባ እየዞረ በእጁ ይዳስሳል። ኮርቻ የላጠው እንዳለ ያያል። ሰኮናቸውንም እያነሣ ያያል። የሰውን እግር የሚያይ ግን አልነበረም። ሰው እግር እንዳለው ትዝ የሚለው ሲያነክስ ነው።

ደብሪቱ ሦስት ጫማ ነበራት። አንዱ ከባሏ የወረሰችው ቡት ነው፤ ከባድ፣ እስከ ቅልጥሟ የሚደርስ፣ በጠፍር የሚታሰር። ሁለተኛዋ ለገበያ ቀን የምታደርጋት ባለ ተረከዝ ጫማ ናት። ሦስተኛው ከአሮጌ ኮርቻ ቆዳ የተቆረጠ ሸበጥ ነው፤ ሶሉ ወፍራም፣ ማሰሪያ የሌለው፣ እግር ዘው ብሎ የሚገባበት። መልክ የለውም። መልክ እንደሌለውም ያውቃል።

መጀመሪያው ሰፈር ደረሱ። ጭነቱ ተራገፈ።

«ደብሪቱ» አለ ሸበጡ ከስልቻው ውስጥ፣ «እግርሽ ቀኑን ሙሉ ቡት ውስጥ ሲቀቀል ነው የዋለው። አውጪውና አየር ይንካው። ለሰፈር እኔ እበቃሻለሁ።»

ቡቱ ከት ብሎ ሳቀ። «አለቃ በሸበጥ? ይርዳው ቢያይሽስ? እኔ የወለቅሁ ዕለት አለቅነትሽም አብሮኝ ወለቀ።»

ደብሪቱ ቀና ብላ ይርዳውን አየችው። ይርዳው እግሯን ያይ ነበር። ቡቷን እንዳጠለቀች በቅሎዎቹን ዞረች፤ እግሯም ውሃ ቋጠረ። ሸበጡን አንሥተው እሳት አራገቡበት።

ሁለተኛው ሰፈር ደረሱ። ወንዝ ተሻግረው ስለነበር ቡቱ ውሃ ጠጥቶ እሳት ዳር ተሰቀለ።

«እንግዲህ ዛሬ የኔ ተራ ነው» አለ ሸበጡ፣ አመድ እያራገፈ።

«አንተ የአህያ ትራፊ!» አለች ባለ ተረከዟ ጫማ። «ደብሪቱዬ፣ የኔ እመቤት፣ ከእኔ ጋር ስትቆሚ ነው ከይርዳው የምትረዝሚው።»

ደብሪቱ መርዘም ወደደች። ባለ ተረከዟን አድርጋ ወንዝ ዳር የታሰሩትን በቅሎዎች ለማየት ወረደች። ጭቃው አፉን ከፍቶ ጠበቃት።

«ግቢ፣ ግቢ፣ ቤት ለእንግዳ!» አለና ተረከዙን ዋጠው። «የምን ምስማር ነው ደግሞ ሆዴ ላይ የምትመቺብኝ?»

ስትነቅለው ቁርጭምጭሚቷ ታጠፈ። ያን ዕለት ሸበጡን ቅቤ ሊልስ የመጣ ውሻ ላይ ወረወሩት።

ሦስተኛው ሰፈር ደረሱ፤ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ደብሪቱ ተረከዟ ተልጧል፣ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፣ አንጀቷም አርሯል። ቡቱ «እኔን» ሲል፣ ባለ ተረከዟ «እኔን» ስትል፣ ሁለቱንም አንሥታ ድንኳኑ ጥግ ወረወረች።

«ገደል ግቡ! እናቴ ስትወልደኝ ጫማ አድርጌ አልወጣሁም!»

ሸበጡ ሊጣራ ፈልጎ ነበር። ግን የድንኳኑ ምሰሶ እንዳይሰምጥ ከሥሩ አድርገውት ስለነበር ድምፁ ታፈነ። እሷም በባዶ እግሯ ተራመደች። የግራር እሾህ ውስጥ እግሯ ገባ።

«ወይኔ እግሬ! ምን አደረግሁህ?» አለች።

«እኔ እኮ ከቦታዬ አልተነሣሁም» አለ እሾሁ። «የመጣሽብኝ አንቺ ነሽ።»

ይርዳው ቀስ ብሎ መጣ። ፊቱ ላይ ሐዘን ለጥፏል።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ነገ ቁልቁለቱን ነው የምንወርደው። በቅሎ ሰው ጭና እንደማትወርደው ታውቂያለሽ። አንቺ መንደር ገብተሽ እረፊ፤ እኔ መርቼ አወርዳቸዋለሁ።»

«መርተህ?»

«ምን ላድርግ? ሰው አለቃው ስላነከሰ ገደል አፋፍ ላይ ውሃ ጥም ይሙት?»

እውነቱን ነው፣ አፋፉ ላይ ውሃ አልነበረም፤ ማደር እንጂ መክረም አይቻልም። ቁልቁለቱን መርቶ ያወረደ ደግሞ አለቃ ይባላል። ይህን ነጋዴዎቹ ያውቃሉ። በቅሎዎቹም ያውቃሉ፤ ይርዳው የሁለት በቅሎ ጭነት ባንዷ ላይ የሚጭን ሰው መሆኑን ጀርባቸው አይረሳም።

ደብሪቱ እያነከሰች ወደ በቅሎዎቹ ሄደች። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦራ የምትባለው በቅሎ ጀርባዋን አስዳሰሰች። እግሯን ግን አላነሣችም።

«አንሺ እንጂ!»

«አላነሣም። መጀመሪያ ያንቺን አንሺ።»

«ምን አልሽ?»

«የሰማሽውን። እኔ ሰኮና ውስጥ አንዲት ጠጠር ብትገባ ሰፈሩን በጩኸት ታምሺዋለሽ። ያንቺ እግር እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ሳለ ግን ዝም ብለሽ ቆመሻል። የኔ እግር እንዲህ ሆኖ ቢሆን ጫኙን ትገርፊው ነበር።»

«ሰው ያየኛል፣ ቦራ።»

«ይይሻ! ስታነክሺ ያላየሽ አለ እንዴ? ዕውር ይዘሽ ነው የምትነግጂው?»

ደብሪቱ የቦራን እግር ተወችው። ደከማት። የመንገዱ ድካም ብቻ አይደለም፤ አለቃ መስሎ የመታየቱ ድካም ነው የጣላት። በሁሉም ፊት ጭነቱ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች። አንገቷ ላይ ካንጠለጠለችው ወረንጦ ጋር ስትታገል ቆይታ እሾሁን አወጣች። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨው ጨምራ እግሯን ነከረች። ከዚያ ምሰሶው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገብታ ሸበጡን አወጣችው። አንድ ጎኑ ጠፍጥፏል።

«ቆይ!» አለ ሸበጡ። «ከመግባትሽ በፊት አራግፊኝ። ምሰሶ ሥር ስውል ማን እንደገባብኝ አላውቅም።»

ብታራግፈው ጊንጥ ዱብ አለ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! እንቅልፍ ወስዶኝ እኮ ነበር» ብሎ ጅራቱን ሰቅሎ እያጉረመረመ ሄደ።

ደብሪቱ እግሯን አስገባች። አልጠበበ፣ አልጎረበጠ። ድንጋዩን አላሰማት፣ አየሩን አልከለከላት። «እፎይ» አለች። ሸበጡንም ውሎው አድክሞታል።

ይርዳው ሳቁን ለቀቀው። «ጉድ እኮ ነው! የሲራራ አለቃ በሸበጥ!»

«ይርዳው» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «መንገድ በቡት እመራለሁ፣ ሰፈሬን በሸበጥ እዞራለሁ። አንተ ግን ከደጋ ስንነሣ ያጠለቅኸውን ጫማ እስካሁን አውልቀኸዋል?»

«ምን አገባሽ?»

«የበቅሎ እግር የማይ ሴት የሰው እግር ማየት ያቅተኛል? አውልቅ።»

«አውልቅ እስቲ፣ ወንድሜ!» አሉ ነጋዴዎቹ። «አውልቅ! አውልቅ!»

አወለቀ። ቦራ አፍንጫዋን ነፍታ ወደ ኋላ ሸሸች። ጣቶቹ መሃል ቆስሏል፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፣ ሽታውም አይነገርም። የሚስቅ ግን አልተገኘም፤ ሁሉም የየራሱን ጫማ አቀርቅሮ ማየት ጀመረ።

ሲነጋ ደብሪቱ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የደረቀውን ቡቷን አጥብቃ አሰረች። ዱላ ይዛ ከፊት ወረደች። እያነከሰች ነው፤ ሌሊቱን ግን እግሯ አርፎ ስላደረ ይታዘዛታል። ይርዳው በየድንጋዩ ላይ እየተቀመጠ ከኋላ ቀረ። እሱ ታች ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ደብሪቱም ቡቷን አውልቃ በሸበጧ ትዞራለች። ስለ አለቅነት የሚያነሣ ሰው አልነበረም።

ይርዳው መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ያ የኮርቻ ቆዳ... ተርፎ ይሆን?»

«ተርፏል» አለች። «ታጠብና ና። ቢላዋው እዚያ ነው፤ በእግርህ ልክ ራስህ ቁረጥ።»

እንግዲህ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ። ሰፈር የደረሰ ሰው ለእግሩ የሚመቸውን ይጫማ፤ ለሰው ዓይን ብሎ የተጫማ ነገ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ ጨርሻለሁ። የቀረውን እግራችሁ ይነግራችኋል።